ስለ ተሳቢው ማያያዣ ምርጫና ስለ አቶ ዌንደል የጣት ሰላምታ

ነገሩ የተበላሸው ሐሙስ ጠዋት፣ ሊቀመንበራችን አቶ ዌንደል ክራትኪ አመልካች ጣታቸውን ከመሪው ላይ አንስተው ሰላም ባሉኝ ቅጽበት ነው። እኔ መዳፌን ዘርግቼ እጄን ያነሳሁት «ቁም» ለማለት ነበር። እሳቸው በስፔኪዮ አዩኝ፤ እንደ ጨዋ ሰው አጸፋውን መለሱ፤ ነዱ። ፒካፑ ወደፊት ሄደ፤ ተሳቢው አብሮት አልሄደም። አፍንጫው ከማያያዣው ላይ ተንሸራቶ በፒካፑ የጭነት ካሶኒ ግራና ቀኝ ጠርዝ ላይ ወደቀ።

የተዘዋዋሪው የዓይን ክሊኒክ ኮሚቴያችን ደንብ ግን ቃለ ጉባኤ በአደጋ ሳይሆን በቀንና በቦታ እንዲጀመር ያዛል። ስለዚህ ልጀምር።

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 9።

ሰዓት፦ ለምሽቱ አንድ ሰዓት ተጠራ፤ ቺሊ የሚባለው የሥጋና የባቄላ ወጥ እስኪሞቅ ተጠብቆ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተጀመረ።

ቦታ፦ ቬልማ፣ ነብራስካ፤ የበጎ ፈቃድ እሳት አደጋ ጣቢያ አዳራሽ።

የስብሰባው ዓይነት፦ አስቸኳይ። አደጋው ከደረሰ ቅዳሜና እሁድ አልፎበታል።

የተገኙ አባላት፦

1. አቶ ዌንደል ክራትኪ፣ ሊቀመንበር። ከብት አርቢ። ፒካፑን ለተዘዋዋሪው የዓይን ክሊኒክ በስጦታ የሰጡ፣ መስጠታቸውንም በየስብሰባው የሚያስታውሱ።

2. አቶ ሮይስ ክራትኪ፣ አባል። የሊቀመንበሩ ታናሽ ወንድም። የብየዳ ቤት ባለቤት።

3. ወ/ሮ ማርሊስ ቦዌን፣ ገንዘብ ያዥ። ቺሊውንና የቀረፋ ዳቦውን ያመጡ።

4. አቶ ኤልዶን ፍሪስ፣ አባል። ጡረተኛ። ክረምት በገባ ቁጥር የራሳቸውን ቤት-ተሳቢ እየጎተቱ ከብርዱ ሸሽተው አሪዞና የሚወርዱ።

5. ዶ/ር ዴላኒ ሆራቼክ፣ ጸሐፊ። የክሊኒኩ የዓይን ሐኪም። ከዚህ በታች «ጸሐፊዋ» የምትባለው እኔ ነኝ። ጸሐፊ ሆኜ የተመረጥኩት ታካሚ እየመረመርኩ ባልተገኘሁበት ስብሰባ ሲሆን፣ የተመረጥኩትም በሙሉ ድምፅ ነው።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ከአምስት አባላት ሦስቱ ይበቃሉ። አምስቱም ተገኝተዋል። ደንቡ ከሰው ቁጥር በቀር ሌላ ነገር እንዲሟላ ስለማይጠይቅ ጉባኤው ሕጋዊ ነው ተብሎ ተከፍቷል።

ይህ ቃለ ጉባኤ ለመድን ድርጅቱ ስለሚላክ ስለ ዕቃው ጥቂት መባል አለበት። ክሊኒካችን ከባድ ተሳቢ ነው። እንደ ተራ ተሳቢ ከመኪናው ቂጥ ላይ አይታሰርም፤ አፍንጫው ካሶኒው ውስጥ ገብቶ ነው የሚቀመጠው። ከአፍንጫው ስር ወፍራም የብረት ፔርኖ ተንጠልጥሏል። ካሶኒው ውስጥ ደግሞ መንጋጋ ያለው የብረት ሰሐን አለ፤ ፔርኖው ሲገባ መንጋጋው ይነክሰዋል። ሰዉ ይህን ሰሐን ከሠረገላ ዘመን ጀምሮ «አምስተኛው ጎማ» ይለዋል። ወ/ሮ ማርሊስ በዚህ ስም ምክንያት፣ አራቱ ጎማዎች ደህና ከሆኑ አምስተኛውን መግዛት ለምን እንዳስፈለገ ጠይቀው ማብራሪያ ተሰጥቷቸዋል።

ሐሙስ ዕለት ፔርኖው መንጋጋው ውስጥ አልገባም፤ በላዩ ላይ ነበር የተቀመጠው። ከሩቅ ለሚያይ የተያያዘ ይመስላል። ማወቅ የሚቻለው ጎንበስ ብሎ በባትሪ በማየት ነው፤ ከዚያም የተሳቢውን ፍሬን ይዞ ፒካፑን ትንሽ ሳብ በማድረግ። ይህ ሁሉ የሚደረገው የተሳቢው የፊት እግሮች መሬት ላይ ሳሉ ነው። ሊቀመንበሩ እግሮቹን አስቀድመው አንስተዋቸው ነበር። «ይቆዩ፣ ስሩን ልይ» ስላቸው፣ «እኔ ተሳቢ መጎተት ስጀምር አንቺ በእናትሽ ሐሳብ እንኳ አልነበርሽም» ብለውኝ ወደ ጋቢናቸው ወጡ። እኔ አጎንብሼ አየሁ። እጄን አነሳሁ። የቀረውን ከላይ ጽፌዋለሁ።

አጀንዳ 1፦ ስለ ማያያዣ ምርጫ

ሰሐኑ በአደጋው ስለተጣመመ በምን እንደሚተካ ውይይት ተከፈተ።

አቶ ሮይስ ቀድመው ተናገሩ። ሰሐኑ ተነቅሎ እንዲጣል፣ ከተሳቢው አፍንጫ ላይ ወደታች የሚወርድ የብረት ክንድ እሳቸው እንዲበይዱ፣ ክንዱም ካሶኒው መሃል ባለው፣ የከብት ተሳቢ በሚያያዝበት የብረት ኳስ ላይ እንዲታሰር ሐሳብ አቀረቡ። ንግግራቸው ቃል በቃል እንዲመዘገብ ስለጠየቁ እነሆ፦ «በዚህ ካውንቲ ካሶኒው ውስጥ ኳስ የሌለው ፒካፕ ካለ ወይ የቄስ ነው ወይ የአስተማሪ። ሠላሳ በሬ የሚጎትት ኳስ አንድ የዓይን ወንበር ያቅተዋል? ያ ሰሐን የጡረተኛ ዕቃ ነው። ቁምጣና ነጭ ካልሲ አድርጎ አሪዞና ለሚወርድ ሰው!»

አቶ ኤልዶን ይህ እሳቸውን የሚነካ መሆኑን ገልጸው ተቃወሙ። በሰዓቱ ቁምጣና ነጭ ካልሲ አድርገው እንደነበር፣ ይህም ለጉልበታቸው በሐኪም የታዘዘ መሆኑ እንዲጻፍላቸው ጠይቀዋል። ተጽፏል። ቀጥለውም በአየር ትራስ ላይ የተቀመጠ ሰሐን እንዲገዛ አሳሰቡ። በስልካቸው ባዩት ቪዲዮ አንድ ሰው በእንዲህ ያለ ሰሐን እየጎተተ፣ ተሳቢው ውስጥ ካስቀመጠው ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ጠብ እንዳላለ መሰከሩ።

አቶ ሮይስ፦ «ውሃ ለማድረስ ነው እንዴ የምንሄደው?»

አቶ ኤልዶን፦ «አንተ የጎተትከው ሁሉ እበት ስለሆነ ቢፈስም አይታወቅህም።»

ሊቀመንበሩ በማንኪያ ጠረጴዛውን መትተው ሥርዓት አስከበሩ። ማንኪያው ቺሊ ስለነበረበት የጸሐፊዋ ወረቀት ተበላሽቷል፤ ይህ ሁለተኛው ቅጂ ነው።

ጸሐፊዋ ዕድል ተሰጥቷት አስረዳች። የተሳቢው ሻንሲ ክብደቱን የሚሸከመው በፔርኖው ላይ ነው። ከአፍንጫው የሚወርድ ረጅም ክንድ ከተበየደበት፣ በየጉድጓዱና በየፍሬኑ ክንዱ እንደ መፈልቀቂያ ብረት ሻንሲውን ይጠመዝዘዋል። የተሳቢው ፋብሪካም ክንድ ለተበየደበት ሻንሲ ኃላፊነት እንደማይወስድ በመመሪያው ጽፏል። ሌላው ችግር ፒካፑ ካሶኒው አጭር መሆኑ ነው፤ በጠባብ መታጠፊያ ላይ የተሳቢው አፍንጫ ከጋቢናው ጥግ ጋር ይላተማል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ሲታጠፉ ወደኋላ የሚንሸራተት ሰሐን ነው፤ የሚሸከመውም ክብደት በሹፌሩ በር ላይ ከተለጠፈው ልክ ጋር መመሳከር አለበት።

ሊቀመንበሩ ሲመልሱ፦ «ዶክተር፣ አንቺ ስለ ዓይን ስትነግሪን እኛ ዝም ብለን እንሰማለን። አይደለም እንዴ?»

ሊቀመንበሩ በክሊኒኩ ተመርምረው አያውቁም። ስለዚህ ዝም ብለው የሰሙት መቼ እንደሆነ ጸሐፊዋ ማረጋገጥ አልቻለችም።

ካሶኒው አጭር ነው መባሉም ሊቀመንበሩን አስቆጥቷል። አጭሩን የመረጡት ረጅሙ ጋራዣቸው ውስጥ አልገባ ስላለ መሆኑን ካስረዱ በኋላ፣ «ሰጥቼም አጭር ሰጠህ ተባልኩ። እናቴ ይህን ሳትሰማ መሞቷ ተመስገን ነው» አሉ። ወ/ሮ ማርሊስ ማንም ያንን ለማለት እንዳልፈለገ በመግለጽ የቀረፋ ዳቦ አዞሩ።

በዚህ ጊዜ አቶ ሮይስ አዲስ ሐሳብ አቀረቡ። ካሶኒው አጭር የሆነው የኋላ መዝጊያው ተዘግቶ ስለሚለካ ነው፤ መዝጊያው ወርዶ ቢለካስ? ጉባኤው ሐሳቡን ተቀብሎ ሜትር ይዞ ወደ ግቢው ወጣ። አቶ ኤልዶን አንዱን ጫፍ ያዙ፣ አቶ ሮይስ ሌላውን። መዝጊያው ሲወርድ ካሶኒው ረዝሞ ተገኘ። ከሊቀመንበሩ በቀር ማንም አልተገረመም።

ጸሐፊዋ አፍንጫው የሚላተመው ከፊት፣ ከጋቢናው ጋር እንደሆነና ከኋላ የተጨመረ ርዝመት ከፊት ምንም ቦታ እንደማይሰጥ አስረዳች። አቶ ሮይስ «ርዝመት ርዝመት ነው» ሲሉ መለሱ። ወ/ሮ ማርሊስም «ወንዶቹ ለክተውታል እኮ፣ ልጄ» አሉኝ።

ከረጅም ውይይት በኋላ፦ ካሶኒው መዝጊያው ወርዶ ሲለካ ረጅም ስለሆነ ረጅም ተብሎ እንዲቆጠር፤ ማያያዣው ኳስ እንዲሆንና ክንዱን አቶ ሮይስ እንዲበይዱ፤ አቶ ኤልዶን ቅር እንዳይላቸው የአየር ትራስም እንዲጨመር፣ የት እንደሚጨመር ግን ወደፊት እንዲታይ በአራት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ተወስኗል። ተቃዋሚዋ ጸሐፊዋ ነች።

አጀንዳ 2፦ ስለ ተነሳው እጅ

ሐሙስ ዕለት የተነሳው የጸሐፊዋ እጅ «ቁም» ነበር ወይስ «እንደምን አደሩ» የሚለው ለውይይት ቀረበ።

በእኛ የአሸዋ ኮረብታ መንገድ ላይ ሹፌር ሹፌርን ሲያገኝ ጣቱን ከመሪው ላይ ያነሳል። ያላነሳ ወይ ባዕድ ነው ወይ ተቀይሟል። ወ/ሮ ማርሊስ ደረጃውን ለጉባኤው በዝርዝር አብራሩ። አንድ ጣት ለሚያውቁት ሰው ነው፤ ሁለት ጣት ለዘመድ። ከአውራ ጣት በቀር አራቱም የሚነሱት ሐዘን ላይ ላለ ሰው ነው። መዳፍ ሙሉ ስለሚዘረጋበት ሁኔታ ሲጠየቁ ጥቂት አስበው «እሱማ በጣም መውደድ ነው» አሉ።

ሊቀመንበሩ፦ «እኔም ገርሞኛል እኮ! ዛሬ ምን ነክቷት ነው እንዲህ የምትወደኝ አልኩ።»

ጸሐፊዋ ጥያቄ አቀረበች። ከአንድ ደቂቃ በፊት ስትጨቃጨቀው የነበረችውን ሰው፣ እዚያው አጠገቡ ቆማ፣ መኪናውም ገና ሳይነቃነቅ ለምን ሰላም ትለዋለች?

ሊቀመንበሩ፦ «ታረቅን ብዬ ነዋ!»

አቶ ሮይስ ወንድማቸውን በመደገፍ ምስክርነት ሰጡ። «ዌንደል ያላየውንም ሰላም የሚል ሰው ነው። እኔ በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ሰሜን መስክ ላይ ያለውን የነፋስ መዘውር ሰላም ሲለው። ሁለት ጣት!» ጸሐፊዋ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ይሁን የዓይን እንዲጣራ፣ ሊቀመንበሩም ነገ ጠዋት ያለ ወረፋ መመርመር እንደሚችሉ አሳሰበች። ሊቀመንበሩ ጥያቄውን አልሰማሁም አሉ። ጸሐፊዋ ደግማ ጠየቀች። ሊቀመንበሩ ዳቦ እንዲቀርብላቸው ጠየቁ።

አቶ ኤልዶን በዚህ መሃል በምሽቱ ከተነገረው ሁሉ ብቸኛውን ማስተዋል ያለበትን ነገር ተናገሩ። ተሳቢ በሚያያዝበት ጊዜ ከተሳቢው አጠገብ የተነሳ እጅ ሁሉ፣ ጣቱ ስንትም ይሁን ስንት፣ «ቁም» ማለት ነው ተብሎ ደንብ እንዲወጣ ጠየቁ። በአሪዞናው ሰፈራቸው ሁሉም እንዲህ እንደሚያደርግ፣ ያላደረገ ሰው ቢኖር ሚስቱ እንደማታናግረው ጨመሩ። ጸሐፊዋ ሐሳቡን ደገፈች። ወ/ሮ ማርሊስ ግን «ኮሚቴው ኮራ፣ ሰላምታ ከለከለ እንዳንባል» ሲሉ ሰግተው፣ ከቆሙ በኋላ ሰላም መባባል ይፈቀዳል የሚል ሐረግ አስገቡ።

ነገር ግን አቶ ኤልዶን እዚህ ላይ አላቆሙም። «መድን ድርጅቱ መጀመሪያ የሚጠይቀው 'ደንብ ነበራችሁ ወይ' ብሎ ነው። አልነበረንም ካልን ሳንቲም አናገኝም። ደንቡ ከጃንዋሪ ጀምሮ የጸና ይሁን።»

ጸሐፊዋ ዛሬ ማታ ቺሊ እየተበላ የተወለደ ደንብ በጃንዋሪ በሕይወት ሊኖር እንደማይችል ተናገረች። ይህ ቃለ ጉባኤ እዚያው መድን ድርጅት ዘንድ እንደሚላክም አስታወሰች።

ሊቀመንበሩ፦ «አንቺ ጻፊ። ደንቡን የምናወጣው እኛ ነን፤ መቼ እንደወጣም እኛ እናውቃለን።»

ከረጅም ውይይት በኋላ ደንቡ ከዚህ ዓመት ጃንዋሪ አንድ ጀምሮ የጸና ሆኖ በአራት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ጸድቋል። ጸሐፊዋ የተቃወመችው ቀኑን ነው። ጻፊ ስለተባለች ጽፋለች።

አጀንዳ 3፦ ስለ ጥፋቱና ስለ ነጂው

ሊቀመንበሩ ይህን አጀንዳ ያቀረቡት ተነስተው ቆመው ነው። ሐሳባቸው ሁለት ክፍል አለው። አንደኛ፣ ለመድን ድርጅቱ «የዓይን ሐኪሟ በእጇ የማሳለፊያ ምልክት ሰጥታ ነጂው በዚያ ተመርቶ ነድቷል» ተብሎ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ጸሐፊዋ ከዛሬ ጀምሮ ተሳቢውን እንዳታያይዝም እንዳትነዳም፤ የፒካፑ ቁልፍ ለአቶ ሮይስ ይሰጥ።

ጸሐፊዋ ተሳቢው ክሊኒክ ከሆነ ጀምሮ ስትነዳው የቆየችው እሷ እንደሆነች፣ እስከ ሐሙስ ድረስም አንድ ጭረት እንኳ እንዳልነካው አስታወሰች። ሐሙስ ሌላ ሰው የነዳበት ምክንያትም የጋዜጣው ፎቶ አንሺ ይመጣል ስለተባለና ሊቀመንበሩ ለፎቶው መሪውን መያዝ ስለፈለጉ ነው። ፎቶ አንሺው አልመጣም። ሊቀመንበሩ ይህ ከአጀንዳው ውጭ ነው ብለዋል።

አቶ ሮይስ መቼ መቼ መጎተት እንደሚችሉ ተጠየቁ። ጥጆች ተወልደው ካበቁ በኋላ፣ የሣር አጨዳ ሳይጀመር፣ ነፋስ በሌለበት፣ የብየዳ ሥራም በማይኖርበት ቀን ዝግጁ መሆናቸውን ገለጹ። በነብራስካ እንዲህ ያለ ቀን መኖሩን የሚያውቅ አባል ካለ እንዲናገር ጸሐፊዋ ጠየቀች።

ጸሐፊዋ ቀጥላ የወ/ሮ ኢርማ ኖቫክን ጉዳይ አነሳች። ሕመማቸውን ራሳቸው በቤተ ክርስቲያን ቆመው ስለተናገሩ እዚህ መጻፌ ምስጢር ማውጣት አይደለም። የዓይናቸው ግፊት ከፍ ብሏል። ባለፈው ዙር ጠብታ አስጀምሬያቸዋለሁ፤ በሚመጣው ሰኞ ሄጄ ግፊቱ መውረዱን መለካት አለብኝ። ካልወረደ መድኃኒቱ ይቀየራል። ተሳቢው ካልሄደ ግን የሚለካ የለም፤ በዚህ ሕመም የጠፋ ብርሃን ደግሞ አይመለስም።

ሊቀመንበሩ፦ «ታዲያ ኢርማ ነድታ ትምጣ።»

ጸሐፊዋ፦ «አያዩም እኮ ነው የምልዎት።»

ሊቀመንበሩ፦ «እንግዲያው ባሏ ያምጣት።»

ወ/ሮ ማርሊስ፦ «ዌንደል፣ አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ አንተ ነበርክ።»

ሊቀመንበሩ፦ «ለካ። ደህና ሰው ነበር።»

ይህን ብለው ወደ ድምፅ መስጠት ተሸጋገሩ።

ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ወ/ሮ ማርሊስ ወደ ጸሐፊዋ ጠጋ ብለው ክንዷን ያዙና በሹክሹክታ የሚከተለውን ተናገሩ። በሹክሹክታ መናገር ከጉባኤው ውጭ መናገር እንደሆነ ደንቡ ስለማይገልጽ ተመዝግቧል፦ «የኔ ማር፣ አንቺ ወጣት ነሽ፤ ይህ ባንቺ ላይ አንድ ሳምንት አይቆይም። እሱ ግን ሽማግሌ ነው፣ ኩራቱ ብቻ ነው የቀረው። እውነቱንማ ሁሉም ያውቀዋል። መጻፉ ምን ያደርጋል?»

ጸሐፊዋ ሁሉም ካወቀው ለምን እንደሁኔታው እንደማይጻፍ ጠየቀች። ወ/ሮ ማርሊስ ክንዷን ለቀቁ።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ውይይቱ ይኸው ከላይ ያለው ነው፣ የሊቀመንበሩ ሐሳብ በሦስት ድጋፍ፣ በአንድ ተቃውሞና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ አለፈ። የታቀቡት ወ/ሮ ማርሊስ ናቸው። የታቀቡት ለሰላም ሲሉ መሆኑን አስመዝግበዋል።

አጀንዳ 4፦ ውሳኔዎችን ስለማንበብ

በደንቡ መሠረት ጸሐፊዋ ውሳኔዎቹን በተራ አነበበች። የመጀመሪያው ሲነበብ አቶ ሮይስ አጨበጨቡ። ሁለተኛው ተነበበ። ሦስተኛው ተነበበ። ሊቀመንበሩ ካፖርታቸውን እየለበሱ ነበር።

ወ/ሮ ማርሊስ፦ «አንዴ ቆዩ። ሁለተኛውን ድገሚው፣ ልጄ።»

ጸሐፊዋ ደገመች። ተሳቢ በሚያያዝበት ጊዜ የተነሳ እጅ ሁሉ «ቁም» ማለት ነው፤ ደንቡ ከጃንዋሪ አንድ ጀምሮ የጸና ነው።

ወ/ሮ ማርሊስ፦ «ሐሙስ ደግሞ ከጃንዋሪ በኋላ ነው።»

ሊቀመንበሩ፦ «ታዲያ ምን ይሁን?»

ወ/ሮ ማርሊስ፦ «ታዲያማ እጇን አነሳች፤ በደንባችን መሠረት ቁም አለችህ። አልቆምክም። ሦስተኛው ላይ ደግሞ እለፍ ብላኛለች ትላለህ። በየትኛው እጇ?»

ሊቀመንበሩ፦ «ሐሙስማ ሰላምታ ነበር!»

አቶ ኤልዶን፦ «እንደ ደንቡ አይደለም፣ ዌንደል።»

አቶ ሮይስ፦ «ኤልዶን፣ አንተ ከማን ጋር ነህ?»

አቶ ኤልዶን፦ «እኔማ ከደንቡ ጋር ነኝ። ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

አቶ ሮይስ ደንቡ ከዓርብ ጀምሮ እንዲጸና ሐሳብ አቀረቡ። ያኔ ሐሙስ ደንብ አልነበረንም ማለት ስለሚሆን መድኑ እንደማይከፍል አቶ ኤልዶን አስታወሱ። አቶ ሮይስ እስከ ረቡዕ ጸንቶ፣ ሐሙስ አርፎ፣ ዓርብ እንደገና እንዲጸና ጠየቁ። ሐሳቡ ደጋፊ ቢያገኝም ሊያስረዳው የሚችል አባል ስላልተገኘ ቀረ። ውሃውን እንዲህ ሲወቅጡት ከቆዩ በኋላ ሊቀመንበሩ ካፖርታቸውን መልሰው አውልቀው ተቀመጡ። የጉባኤው ዓይን በጸሐፊዋ ላይ አረፈ። ጸሐፊዋ እየጻፈች ነበር።

ሊቀመንበሩ፦ «ሁሉም ይሰረዝ።»

አቶ ሮይስ፦ «ኳሱም?»

ሊቀመንበሩ፦ «ሁሉም አልኩ እኮ!»

የመጨረሻ ውሳኔ፦ በአጀንዳ 1፣ 2 እና 3 የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ካሶኒው ወደ አጭርነቱ ተመልሷል። ሰሐኑ እንደተጣመመ ይቆያል። ሰላምታ እንደ ወትሮው ይቀጥላል። ማናቸውም ነገር ከስብሰባው በፊት እንደነበረው ይሁን፤ ስብሰባውም እንዳልተደረገ ይቆጠር። በአምስት ድጋፍ፣ ያለ ተቃውሞ ጸድቋል። ጸሐፊዋ ከብዙኃኑ ጋር ድምፅ ስትሰጥ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ውሳኔው እንደጸደቀ ሊቀመንበሩ ቁልፉን ለመቀበል እጃቸውን ዘረጉ። ጸሐፊዋ «ማናቸውም ነገር ከስብሰባው በፊት እንደነበረው ይሁን» የሚለውን አነበበችላቸው። ከስብሰባው በፊት ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ የክሊኒኩም ነጂ እኔ ነበርኩ። አሁንም እዚያው ነው፤ አሁንም እኔ ነኝ።

ስብሰባው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ተበተነ።

አቶ ኤልዶን በሩ ላይ ጠብቀውኝ ወደ ጨለማው ሳብ አደረጉኝ። «ረጅም ካሶኒ ያለው ፒካፕ አለኝ፣ ደህና ሰሐን አለኝ፣ ሰኞም ሥራ የለኝም። መሪውን አንቺ ያዢ። እኔ ከጎን እቀመጣለሁ፤ ዝም እላለሁ ግን አልልሽም። ይህን ብቻ እንዳትጽፊው፣ ሮይስ ቢሰማ የመንደር መሳቂያ ያደርገኛል» አሉኝ። ከአንድ ሰዓት በፊት ቁልፉ እንዲወሰድብኝ እጃቸውን ያወጡት እኚሁ ሰው ናቸው። ፒካፑን ተቀብያለሁ። አመስግኛለሁ። ጽፌዋለሁ።

ወ/ሮ ማርሊስም ባዶ ድስታቸውን ወደ መኪናቸው እየጫኑ፣ «ያልተደረገ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ የለውም፣ ልጄ። ቅደጂው፣ ይቅለልሽ» ብለውኛል።

አልቀድም። ስብሰባው ተደርጓል፤ አምስት ሰው ነበረበት፤ አራቱ እጃቸውን እያወጡ ምን ሊያደርጉ እንደነበር ከላይ አለ። የመድን ድርጅቱ ከፈለገ ይክፈል፣ ካልፈለገ ይተው፤ የሚያነበው ግን የሆነውን ነው። ጸሐፊነቱንም አልለቅም፤ ብለቅ ነገ ማን እንደሚጽፈው አውቃለሁ።

ከእንግዲህ ግን ጎንበስ ብዬ በዓይኔ ሳላይ የዚህን ተሳቢ እግር የሚያነሳ ሰው፣ ስጦታው ምንም ያህል ትልቅ ቢሆን፣ አልቀበልም። ዝም እንድል ሲፈለግ «ልጄ»፣ እንዳልሰማ ሲፈለግ «ዶክተር» መባልን አልቀበልም። ለአንድ ሰው ኩራት ተብሎ ኢርማ ኖቫክ በጨለማ ውስጥ እንዲጠብቁ የሚጠይቅ ሰላምም አልቀበልም። ሁሉም የሚያውቀውን እውነት፣ ማንም በማያምነው ውሸት ለውጬ፣ ከሥሩ ስሜን አላኖርም።